ከለገሃር ወዲያ፣ በአባዬ እርምጃ

አባዬ መንገድን በሜትር ለክቶ አያውቅም። ከድሮው የካዛንቺስ ቤታችን እስከ ዳቦ ቤቱ ስንት ይሆናል ብትሉት "መቶ ሃያ አግዳሚ" ይላችኋል። አግዳሚ የሚለው ከባቡር ሃዲድ ስር በአግድሞሽ የሚነጠፈውን ብረት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሥራው እሱ ላይ መራመድ ነበር። በየማለዳው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻና የብሎን መፍቻ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከለገሃር ይነሳና፣ የላላ ብሎንና የተሰነጠቀ ሃዲድ እየፈለገ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ በእግሩ ይወርዳል። እግሩ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው መርገጥ ስለለመደ አስፋልት ላይም እርምጃው ያው ነው፤ አይረዝምም፣ አያጥርም። እማዬ በሕይወት ሳለች "ከዚህ ሰውዬ ጋር ሠርግ መሄድ ከግድግዳ ሰዓት ጋር መሄድ ነው" ትል ነበር። እኔ ደግሞ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ችኩል ነኝ። ልጅ ሆኜ እጁን ይዤ ስሄድ ወይ እጎትተዋለሁ ወይ ይጎትተኛል፤ እኩል የሄድንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሥራው የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ የቀኙን ሃዲድ፣ ሌላው የግራውን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ይሄዳል። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው፤ ፈዘዝ ካለ አንድ ነገር ላልቷል። አባዬ የቀኙ ነበር። የግራው በካዛንቺስ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ነው፤ የወሎ ሰው፣ ቀልደኛ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ሳምቡሳ በአጥሩ ላይ የሚያቀብለን፣ እኛ ስንጾም ደግሞ ፊታችን ሥጋ ላለመብላት የሚጠነቀቅ። እኛ ልጆች "የግራው ጋሼ" ነበር የምንለው።

በሁለቱ መካከል አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ሃዲድ አይነካም። አባዬ በግራ በኩል የላላ ብሎን ዓይኑ እያየ ቢሆን እንኳ አያጠብቀውም። ቆም ይልና "ያንተ ነው" ይላል። የግራው ጋሼም እንዲሁ። ይህ ልማድ ተዋህዷቸው ከሥራ ሲመለሱ በካዛንቺስ መንገድ ላይ ሳይቀር አንዱ በቀኝ ጠርዝ፣ ሌላው በግራ ጠርዝ፣ በመሃላቸው ባቡር የሚያሳልፉ ይመስል ተራርቀው ነበር የሚሄዱት። ወሬያቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። እማዬ በዚህም ታፍር ነበር።

ከዚያ ባቡሩ ቆመ። ሁለቱም ጡረታ ወጡ። መራመዳቸውን ግን አላቆሙም፤ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ለማየት በሚል ሰበብ እስከ ለገሃር ይወርዱና ይመለሳሉ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው ነገሩ የተበላሸው። በዚያ ሰሞን የግራው ጋሼ ታማሚ እህቱን ለማስታመም ወሎ ሄዶ ነበር። ቤታችን በቀናት ውስጥ ተነሳ፤ እኛ ከተማው ጫፍ ላይ ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን፣ የእነሱ ቤተሰብ የት እንደገባ በግርግሩ መሃል ማንም አልጠየቀም። አባዬና የግራው ጋሼ አንዱ የሌላውን ስልክ ቁጥር አያውቁም። በግድግዳ የሚጠራራ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል?

አባዬ "እዚያው ወሎ ቀርቷል" አለ። "ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ።" ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላነሳም።

መራመዱንም ተወው። ጠዋት ተነስቶ በረንዳው ላይ ካለች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ከእሷ ተነስቶ ይተኛል። በክረምቱ ሳንባ ምች ያዘውና ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ከረመ። ሲሻለው ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ወሰደችኝና "እግራቸው ምንም አልሆነም" አለችኝ። "ግን አሁን መራመድ ካልጀመሩ፣ ገና ሳይደርስ በራሳቸው መቆም ያቅታቸዋል። ያኔ እኔም ምንም አላደርግላቸውም።" ይህን ስትል ድምጿ ተራ ነበር፤ የአውቶብስ ሰዓት የምትነግረኝ ነበር የምትመስለው። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ያላደረግኩት ነገር የለም። ከዘራ ገዛሁ። ስኒከር ገዛሁ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ የሚቀናበት። አባዬ ስኒከሩን አልጋው ስር ከተተው። "ተነስ፣ ትንሽ ተራመድ" ስለው ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው።

"ወዴት?"

"ዝም ብለህ ሂዳ፣ አባዬ።"

"ዝም ብሎ የሚሄድ እብድ ነው።"

ንዴቴ በቶሎ የሚመጣ ነው። አንድ ሁለቴ ጮኼበታለሁ፤ እሱ ግን በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ስሜን ጠርቶ "ውሃ ጠጪ" ይለኛል። በመጨረሻ የቀረኝ መዋሸት ብቻ ነበር፤ ዋሸሁ።

ቢሮዬ ኦሎምፒያ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ "አባዬ፣ ዛሬ ቢሯችን ውስጥ አንድ ልጅ ምን አለ መሰለህ?" አልኩት። "የድሮው ባቡር በቂርቆስ በኩል አላለፈም አለ።"

በረንዳዋ ወንበር ላይ እንዳለ ኮቱን ሳብ አደረገ።

"ማለቴ፣ ከለገሃር ተነስቶ ቀጥ ብሎ በቦሌ በኩል ነው የወጣው አለ።"

ወንበሯ ጮኸች። "በቦሌ? ባቡር ምን ሊያደርግ በቦሌ ይወጣል? አውሮፕላን ነው እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ በቃ ማስረጃ የለም ነው የሚለው።"

"ማስረጃ!" ፊቱ ቀላ። "ቂርቆስ ያለውን መሿለኪያ ታዲያ ማን መሿለኪያ አለው? ሰው ከሃዲዱ ስር እየሾለከ ስላለፈ አይደለም? ማስረጃ ይለኛል! ጫማዬን አምጪ።"

መሽቶ ስለነበር ቅዳሜ እንሂድ ብዬ ለመንኩት። እስከ ቅዳሜ ድረስ በየቀኑ ስገባ "ያ ልጅ ዛሬስ ምን አለ?" ይለኛል። ልጁ የለምና በየቀኑ አንድ አዲስ ድንቁርና መፍጠር ነበረብኝ። ሐሙስ ዕለት "ሃዲዱ የእንጨት ነበር" አሰኘሁት። አባዬ እራቱን አልጨረሰም።

ቅዳሜ አራቱን ፎቅ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ስኒከሩን ግን አድርጎታል። ለገሃር ስንደርስ ከአንበሳው ሐውልት ፊት ከታክሲ ወርዶ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ ወደ ጣቢያው በር አመራ። ዘበኛው በትህትና ጠየቀው።

"አባት፣ ምን ፈልገው ነው?"

"ሥራ ልገባ ነው።"

ዘበኛው አየኝ፤ እኔ ትከሻዬን ሰበቅኩ። መግባት ባይፈቀድም ከበሩ ቆሞ እንዲያይ ፈቀደለት። አባዬ ቆሞ ብዙ አየ። ከዚያ ከበሩ እስከ ሐውልቱ ሄዶ ተመለሰ፣ ሰማንያ አግዳሚ ቆጠረ፣ ላብ በላብ ሆኖ ጥጉ ላይ ቁጭ አለ። ከበላያችን በድልድዩ ላይ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሽው ብሎ አለፈ። "ይሄ እኮ ሚኒባስ ነው" አለ፣ "ረዳት የሌለው።"

እኔ በሰማንያዋ ደስ ብሎኛል። እሱ ግን በመመለሻው ታክሲ ውስጥ መስኮቱን እያየ "ሰማንያ" አለ፣ ቀስ ብሎ። "በቀን ሺህ በሺህ ስረግጥ የኖርኩ ሰውዬ፣ ሰማንያ።" የሚቀጥለው ቅዳሜ እምቢ እንዳይል ፈርቼ ሳምንቱን ሙሉ ያንን ውሸታም ልጅ የባሰ ደደብ አደረግኩት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከመሿለኪያ ተነስተን ወደ ቂርቆስ ውስጥ ለውስጥ ገባን። እኔ ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቻለሁ። አባዬ ከዘራውን ይዟል፤ ግን አይደገፍበትም፣ ያገኘውን ብረት ሁሉ ይመታበታል። ገና ሁለት መቶ እርምጃ ሳንሄድ አንድ የግቢ በር ጎን የቆመ ምሰሶ መታና ጮኸ።

"ይሄውና!"

እውነትም ቁራጭ ሃዲድ ነው፤ መሬት ውስጥ ተተክሎ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ትንሽ ወረድ ብሎ የውሃ መውረጃ ቦይ ላይ አግዳሚ ብረት ለመሻገሪያ ተጋድሟል። ከዚያ አንድ ሱቅ ፊት ሰዎች የተቀመጡበት መቀመጫ ሃዲድ ሆኖ ተገኘ። አባዬ ተቀማጮቹን "ይቅርታ፣ አንዴ ተነሱልኝ" ብሎ አስነስቶ በከዘራው መታው፣ ሰማው፣ አመሰገናቸውና አለፈ። ሰውየው ታደሰ። እኔም ታደስኩ። ብረቱን ተከትለን በጠባብ መንገድ ታጠፍን፣ ወጣን፣ ወረድን፣ ደግሞ ታጠፍን።

ትንሽ ቆይቼ ካርታውን አየሁ። "አባዬ፣ ወደ ካዛንቺስ እየዞርን ነው መሰለኝ። ባቡሩ ወደ ደቡብ አይደል እንዴ የሚሄደው?"

"ስልክሽ ሃዲድ ረግጦ ያውቃል?"

አልረገጠም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አባዬ ብረት አይዋሽም ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ያየው ብረት ባለበት መንገዱ አለ። ግን ሦስት ጊዜ በቀኝ ከታጠፍን በኋላ ያን ሱቅ በጀርባው በኩል ሳየው ነገሩ ገባኝ፤ ለእሱም በዚያው ቅጽበት ሳይገባው አልቀረም። ድሮ ያረጀ ሃዲድና አግዳሚ ሲነሳ ለሠራተኞቹ ይታደል ነበር። ሠራተኞቹ ደግሞ በዚህ አካባቢ የማይኖሩበት ግቢ አልነበረም። ምሰሶ አደረጉት፣ ደፍ አደረጉት፣ መቀመጫ አደረጉት። እኛ ግማሽ ቀን ሙሉ የተከተልነው የባቡሩን መንገድ ሳይሆን የባቡር ሠራተኞችን ቤት ነበር።

"ጠፋሁ" አለ አባዬ። ከዘራውን አሁን ተደገፈበት። "በገዛ ሃዲዴ ላይ ጠፋሁ። ያ ልጅ ይሳቅብኝ።"

ውሸቴን ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት፣ እሱ ከፊታችን ያለውን የግቢ በር ያይ ነበር። በሩ ሙሉ በሙሉ ከአግዳሚ ብረት የተሠራ፣ ባለ ሁለት ተካፋች፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ናቸው። እኔ ይህን በር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ በእነዚያ ቀዳዳዎች አጮልቄ ስንት ጊዜ አይቼበታለሁ! አባዬ በከዘራው አንዴ መታው፤ ካዛንቺስ ጠዋት ጠዋት በሩ ሲዘጋ የምሰማው ያው ደወል የመሰለ ድምፅ ወጣ።

በሩን የከፈተችው አብሮ አደጌ ናት፣ የግራው ጋሼ ሴት ልጅ። ሁለታችንም እጃችንን አፋችን ላይ ጫንን። ለካ እዚህ ነው ያገባችው፤ ካዛንቺስ ሲፈርስ ወንድሞቿ የአባቷን ዕቃ፣ የግቢውን በር ሳይቀር ነቅለው፣ ወደ እሷ አምጥተውታል። ከቢሮዬ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በዚህ በኩል ማኪያቶ ልጠጣ አልፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ እነዚያ ሰዎች የት ደረሱ ብዬ አልጠየቅኩም። አፈርኩ፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

የግራው ጋሼ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ጉልበቱ ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል። አባዬ ደፉ ላይ ቆመ፤ እንዴት ዋልክም አላለም፣ አላቀፈውም። የበሩን የቀኝ ተካፋች በእጁ ወዘወዘው።

"ይሄ ላልቷል" አለ።

"አዎ" አለ የግራው ጋሼ። "የቀኙ ነው። ያንተ ነው።"

አባዬ ወደ አብሮ አደጌ ዞሮ "የኔ ልጅ፣ የብሎን መፍቻ አላችሁ?" አለ። መፍቻው መጣ። ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው። የግራው ጋሼ ከወንበሩ ሆኖ በሩን እያየ ያወራል።

"ከወሎ ስመለስ በቀጥታ ካዛንቺስ ሄድኩ። ቤቱ የለም። ያንተም የለም። ግድግዳውም የለም። ማንን ልጠይቅ? ቆሜ ቆሜ ወደዚህ መጣሁ።"

"እኔ እዚያው የቀረህ መስሎኝ ነበር።"

"ሳልነግርህ?"

አባዬ የመጨረሻዋን ብሎን ሲያጠብቅ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፣ ከሚያስፈልጋት በላይ።

አብሮ አደጌ ጎተት አድርጋ ወሰደችኝና "ከዚያን ቀን ወዲህ እኮ ከዚያ ወንበር ተነስቶ አያውቅም" አለችኝ። "ወዴት ልሂድ ነው የሚለው።" ሳቅኩ፤ ለምን እንደሳቅኩ ሳስረዳት እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን።

በሦስተኛው ቅዳሜ እንደገና ከመሿለኪያ ተነሳን፤ አሁን አራት ሆነን። የግራው ጋሼ ባለፈው የሄድንበትን መንገድ ሲሰማ አባዬን መቀለጃ አደረገው።

"በር ተከትለህ? ብረት እኮ ሰው ይሸከመዋል! መሬቱን ግን አይሸከመውም። ባቡር ዳገት አይወድም። ጉልበትህ ያላመመህ ቦታ፣ እሱ ነው መንገዱ።"

ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አላየሁም። ሁለት ያረጁ ሰዎች፣ አራት የታመሙ ጉልበቶች። ትንሽ ዳገት ሲመጣ ሁለቱም አንድ ላይ "እህህ" ይሉና ይቆማሉ፣ ወደ ጎን ይላሉ፣ ይሞክራሉ፣ "እዚህ ነው" ይላሉ። በዚህ ዓይነት ከአንድ መጋዘን ጀርባ፣ ከአንድ ገና ከሚሠራ ሕንፃ አጥር ሥር፣ ማንም ልብ ያላለው ዝርግ መሬት እየመረጡ ወጡ። አንድም ብረት የለበትም። ሁለቱ ግን ጠዋት ከአቃቂ ሰውና አትክልት ጭኖ የሚመጣው ባቡር የት ጋ እንደሚያፏጭ፣ ሾፌሩ የት ጋ እጁን እንደሚያውለበልብ ይከራከሩበታል።

ዝርጉ መሬት አዲስ ከተነጠፈ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ አወጣን። እዚያ ሲደርሱ ሳይነጋገሩ ተለያዩ፤ አባዬ በቀኙ ጠርዝ፣ የግራው ጋሼ በግራው። እርምጃቸው አንድ ነው። ከዘራው መሬቱን ቆጥ ቆጥ ያደርጋል። ወሬያቸውን ደግሞ እየተጮኻጮኹ ነው፤ አንዲት ስፖርት ልብስ የለበሰች ልጅ ጠብ መስሏት ቆማ አየቻቸው። እኔ ፎቶ ላነሳቸው ከኋላ ተከትዬ በመሃላቸው ገባሁ።

ሁለቱም አንድ ላይ ዞሩ። "ከመሃል ውጪ!"

ወጣሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሴትዮ፣ የሌለ ባቡር እንዳይገጨኝ ዘልዬ ወጣሁ። ከዚያም ከአባዬ ጎን ሆኜ ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል እየረገጥኩ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። አልጎተትኩትም፤ አልጎተተኝም።

ስድስት መቶ አርባ አግዳሚ ሲሆን ቆሙ። አብሮ አደጌ አባቷን ይዛ ወደ ቂርቆስ ገባች። እኔና አባዬ በታክሲ ወደ ሰፈራችን መጣን፤ ከዚያ ያ ደረጃ። በመጀመሪያው ፎቅ አላረፈም። በሁለተኛውም አላረፈም። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ፤ እስኪተነፍስ ጠበቅኩት። እውነቱን ልነግረው ይገባል ብዬ ቆርጫለሁ።

"አባዬ፣ ያ የቢሯችን ልጅ..."

"እሺ፣ እሱን ንገሪው" አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። "በጎተራ በኩልም አላለፈም ይበል። ለቅዳሜ።"